አርባ፣ ሁለት፣ መቶ ስድስት

የእህቴ ልጅ ሰናይት የኮምፒውተር ፕሮግራም ትሠራለች። ባለፈው እሑድ ልትጠይቀኝ መጥታ ምሳ ስንበላ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«አሥር ነው ያስቸገረኝ፣ አክስቴ።»

«አሥር ምን?»

«ቁጥሩ ነዋ! በአሃዝ የተጻፈውን ማሽኑ ራሱ በቃል እንዲጽፈው እየሠራሁ ነው። ብቻውን ሲሆን አሥር እንለዋለን፤ አንድ ሲጨመርበት አሥራ አንድ ይሆናል። ሃያ ግን ሃያ እንደሆነ ይቀራል። መቶን ደግሞ አንዱ ሰው መቶ ይላል፣ ሌላው አንድ መቶ ይላል። ማሽን እንደ ሰው በግምት አይገባውም፤ ደንቡን አንድ በአንድ ካልነገርሽው ዝም ብሎ ይሳሳታል።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ የተቀየመች መሰለኝና ቶሎ ብዬ፣ «ወረቀትሽን አውጪ» አልኳት። እስከ ማምሻው ድረስ ነገርኳት፤ ጻፈች። ስትጨርስ፣ «ይህን ማን አስተማረሽ? አንቺ እኮ ስልክ ቤት ነው የሠራሽው» አለችኝ። ስልክ ቤት ነው የሠራሁት፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሌላ ሥራ አላውቅም። እሷ እንድጽፈው ስለለመነችኝ ይኸው ጻፍኩት።

የተወለድኩት ደሴ ነው። ስሜ ዘነበወርቅ ነው፤ በስልክ መስመር ላይ ግን ዘነቡ ነበርኩ። አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ስለነበር ጣሊያን ከወጣ በኋላ ወደ መቐለ ተዛወረ፤ እኛም ዕቃችንን በጭነት መኪና ጭነን ተከተልነው። ትግርኛ አንዲት ቃል አላውቅም ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ስልክ ቤቱ ማንበብና መጻፍ የምትችል ሴት ይፈልጋል ተባለና ለፈተና ሄድኩ። ፈተናው ከጎን ክፍል የሚነበበውን ጽሑፍ በግድግዳው በኩል ሰምቶ መጻፍ ነበር። አብረውኝ የተፈተኑት ቃሉን ሁሉ ለመያዝ ሲሯሯጡ እኔ ግማሹን ትቼ ቁጥሮቹን ያዝኩ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ ዛሬም አላውቀውም። ፈታኙ ወረቀቴን አይተው፣ «ቃሉን በኋላ እናስተምራታለን፤ ጆሮዋ ግን የተሠራ ነው» አሉ። እሳቸው ኣቦይ ሓጎስ ነበሩ፤ ኣቦይ በትግርኛ አባባ እንደ ማለት ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ቁሓ፣ እሳቸው በሚመሩት ስልክ ቤት ነው። የጭነት መኪኖች የሚያልፉበት መንገድ ዳር የቆመች አንዲት የድንጋይ ክፍል ናት። ሥራው ሰውን ከሰው ማገናኘት ብቻ አልነበረም። ስልክ የሌለው ሰው መልእክቱን አጽፎ ይሄዳል፤ እኛ በመስመሩ ለሌላው ስልክ ቤት እናነባለን፤ ያኛው እየሰማ በቅጽ ላይ ይጽፋል። ቅጹ ሦስት ግልባጭ ነበረው፤ ሦስተኛው ምንጊዜም አይነበብም። ስለ ደመወዜ ብዙ አላወራም፤ አንዳንድ ወር ይበቃኛል፣ አንዳንድ ወር አይበቃኝም።

ኣቦይ ሓጎስ ከወረራው በፊት ጀምሮ በስልክ ሥራ የኖሩ፣ በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ የእንደርታ ሰው ናቸው። መልእክት ሲቀበሉ እንደ ማንኛችንም ይጽፋሉ፤ ቁጥር ሲመጣ ግን ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በዚያች ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ማንም እንዲናገር አይፈቅዱም፤ አንድ ጊዜ የአውራጃውን ገዢ በእጃቸው ምልክት ዝም ሲያሰኟቸው አይቻለሁ። በየጠዋቱ ሥራ ሳይጀመር ለእያንዳንዱ ስልክ ቤት ይደውሉና፣ «አንድ ቁጥር ስጠኝ» ይላሉ። ያኛው የመጣለትን ይላል፤ እሳቸው ይመልሱለታል። መስመሩ ያን ቀን የትኛውን ፊደል እንደሚበላ በዚያ ያውቁታል።

«ጓለይ» አሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ዝናብ የሚለውን ቃል አሳስተሽ ብትሰሚ ቀሪው ንግግር ያርምሻል። ቁጥርን ግን የሚያርመው የለም። ሰባም ሙሉ ቃል ነው፣ ሰባትም ሙሉ ቃል ነው። ንፋስ መጥቶ ያቺን ት ከበላት አለቀ።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«ልብሱን ቀይረሽ መልሺለት። በቃል ከሰጡሽ በአሃዝ መልሺ፤ በአሃዝ ከሰጡሽ በቃል መልሺ። ሰባ ካለሽ፣ ሰባት ባዶ በዪው። ሰባት ካለሽ፣ ሰባት ብቻ በዪው። ሓደራ፣ የሰጡሽን ያንኑ ቃል እንዳትመልሺ።»

ሌላም አስተማሩኝ። ረዥም አሃዝ ሲመጣ መጀመሪያ በግዕዝ ቁጥር ይጽፉታል። 305 የሚለውን ፫፻፭ ይሉታል። «እይ፣ ሦስት ምልክት ነው። ሦስት፣ መቶ፣ አምስት። ሦስት ቃል። ቃሉና ምልክቱ እኩል ከሆኑ አልተሳሳትሽም።» ለእኔ ይህ እንደ ተአምር ነበር። ባዶዋ የምታደናግረኝ ቦታ ላይ የአባቶች ቁጥር ባዶ የለውም፤ የሚነገረውን ብቻ ነው የሚጽፈው። አንድ ችግር ብቻ አገኘሁበት፤ ለሺህ የራሱ ምልክት የለውም። 1205 ስጽፍ ፲፪፻፭ ይሆንና አሥራ ሁለት መቶ አምስት ብሎ ያስነብበኛል፤ የአዲስ አበባ ሰው ግን አንድ ሺህ ሁለት መቶ አምስት ነው የሚለው። እኔ በመካከሉ ሺ የምትለውን ፊደል ራሷን አስገባሁና ፩ሺ፪፻፭ ብዬ አሳየኋቸው። አምስት ምልክት፣ አምስት ቃል። ኣቦይ ሓጎስ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«የቅኔ መምህሬ ቢያዩሽ ይገርፉሽ ነበር» አሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ራሳቸውም እንደዚያው ጻፉ።

ሁለት ዓመት ቆይቼ መቐለ ወደሚገኘው ዋናው ስልክ ቤት ተዛወርኩ። ኣቦይ ሓጎስ ቁሓ ቀሩ። የመቐለው አለቃችን አቶ መኩሪያ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ችኮላ ግን ይወዳሉ። መስመሩ አንድ፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ሰኞ ገበያ ሲሆን በር ላይ ሰልፍ ይሠራል፤ ጨው የጫኑ ግመሎች በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ ጆሮ አይሰማም። «ቁጥር መደጋገሙን ተዪው፣ አንድ ጊዜ ተቀብለሽ ልቀቂ» ይሉኛል። እኔም ቀስ በቀስ ለመድኩት።

በዚህ ሁኔታ ላይ እያለን ነው ያ ቀን የመጣው። የማይጨው ኦፕሬተር ይመር ደወለ። ይመር የወሎ ልጅ ነው፤ ፊቱን አይቼው አላውቅም፣ ድምፁን ግን እንደ ወንድሜ ድምፅ አውቀዋለሁ።

«ዘነቡ፣ አንዲት ጭነት መኪና ገደል ገብታለች። ሾፌሩ ከሥሯ ተይዟል፣ በሕይወት አለ። ያለፈ መኪና ነው ወሬውን ያመጣልን። ሐኪም ቤቱ መኪና ይላክ። ከቁሓ ስልሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው።»

«ሠላሳ?» አልኩት።

«አዎ፣ ስልሳ።»

በሰልፉ ያሉት ሰዎች ይጮኻሉ። 30 ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን ላክሁ።

የሐኪም ቤቱ መኪና ሄደ። ሠላሳኛው የኪሎ ሜትር ድንጋይ ጋ ቆመው ገደሉን ግራና ቀኝ ፈለጉ፤ ምንም የለም። የሐሰት ወሬ ነው ብለው ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ይመር እንደገና ደወለ፤ ድምፁ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር።

«ዘነቡ፣ ምነው ዝም አላችሁ? ሰውየው እኮ እየጠበቀ ነው!»

«ሄደዋል። ሠላሳኛው ላይ ምንም የለም አሉ።»

ከዚያ ይመር ቀስ ብሎ፣ «ስድስት ባዶ ነው እኮ ያልኩሽ» አለ። ስድስት ባዶ አላለኝም። ስድስት ባዶ ያላልነው ሁለታችንም ነን።

መኪናው እንደገና፣ አሁን ወደ ትክክለኛው ቦታ ተላከ። ሾፌሩ ሳልሕ ይባላል። በሕይወት ወጣ፤ ቀኝ እግሩን ግን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሄጄ አልጋው አጠገብ ቆምኩ። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት።

«ሠላሳ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ተኝቼ ድንጋዩ ይታየኝ ነበር» አለ። «ቁጥሩ ከላዬ ላይ ነበር። ስድሳ። በመኪና ያለፈው ሰው እንዳይረሳው ሦስት ጊዜ ነው ያስደገምኩት።»

ይቅር አላለኝም፣ አልሰደበኝምም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ቁሓ ሄድኩና ለኣቦይ ሓጎስ ሥራውን ልተው መሆኑን ነገርኳቸው። ተግሣጽ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ዳኛ መጠየቅ ጀመሩ።

«ምን አልሽው?»

«ሠላሳ አልኩት።»

«እሱስ ምን ብሎ መለሰ?»

«አዎ፣ ስልሳ አለኝ።»

«እንግዲህ ሁለታችሁም የየራሳችሁን ሰማችሁ። በእኛ ትግርኛ ይህ ቁጥር ስድሳ ነው፤ ከሠላሳ ጋር አይጋጭም። በአማርኛም ስድሳ የሚል ሞልቷል፤ ሳልሕም ስድሳ ነው ያለው። ስልሳ ያደረገው ይመር ነው፣ ያልመረመርሽው አንቺ ነሽ፣ ያቻኮለሽ አለቃሽ ነው። ሥራውን ብትተዪ ከሦስቱ ማንኛው ይታረማል?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«ሌላስ የሚጋጭ ቁጥር እንደሌለ በምን አወቅሽ?» አሉኝ።

ይህች ጥያቄ ናት ሰው ያደረገችኝ። በማግስቱ ይመርን ደወልኩለት። ከምሳ በኋላ መስመሩ ጭር የሚልበት ሰዓት አለ፤ በዚያ ሰዓት ከአንድ እስከ ዘጠና ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ እያዘበራረቅን እንድንፈትን ተስማማን። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ የሰማውን ይጽፋል፤ ከዚያ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ንፋስ ሲኖር፣ ዝናብ ሲኖር፣ ግመል ሲያልፍ ፈተንን። ወራት ፈጀብን። አንዳንድ ቀን ይሰለቸውና፣ «ዘነቡ፣ ትናንት በህልሜም ሃምሳ አራት ስትይኝ አደርሽ፤ ባለቤቴ ማን ናት ይቺ አለችኝ» ይላል፤ እንስቅና እንቀጥላለን።

የተጋጨውን ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት አሰፈርኩት። ስልሳ አይባልም፣ ስድሳ ይባላል። መቶ ብቻውን አይለቀቅም፤ አንድ መቶ ይባላል፣ አለዚያ ከፊቱ ያለው ቁጥር ይውጠዋል። አሥራ ስትዪ ትንፋሽ አትውሰጂ፤ ከወሰድሽ አሥርና ስድስት ሁለት ቁጥር ይሆናሉ። እያንዳንዱ ቁጥር ሲያልቅ «በቃ» በዪ። ሺህ በፊደሏ ትጻፍ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በቃል የተቀበልሽውን በአሃዝ፣ በአሃዝ የተቀበልሽውን በቃል መልሺ። አቶ መኩሪያ ወረቀቱን አነበቡት። የሳልሕ ነገር እሳቸውንም አቃጥሏቸው ነበር። «ለጥፊው» አሉኝ። ከመስመሩ ጠረጴዛ በላይ ለጠፍኩት።

ዓመት ሳይሞላ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ መጡ። ንጹሕ ሰው ናቸው፤ ጫማቸው የመቐለን አቧራ ያልነካ ይመስላል። በእጃቸው ሰዓት ይዘው አጠገቤ ተቀምጠው እያንዳንዱን ጥሪ ለኩ። በሁለተኛው ቀን ወረቀቴን በጣታቸው አመለከቱ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የቁጥር ደንብ ነው፣ ጌታዬ።»

«ማን አዘዘ?»

«ማንም። ከይመር ጋር ሆነን ነው ያወጣነው።»

«በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ጊዜ እየበላ ነው። አንድ ኦፕሬተር ሰምቶ መጻፍ ካልቻለ ሌላ ኦፕሬተር ይቀጠራል እንጂ መስመር አይያዝም። ዛሬውኑ ይነሣ።»

አቶ መኩሪያ አንገታቸውን ደፉ። እኔ እጄን ወደ ወረቀቱ ስዘረጋ ደወሉ ጮኸ። ማይጨው ነበር። ተቆጣጣሪው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና ማዳመጫውን ከእኔ ወስደው በራሳቸው ጆሮ ላይ አደረጉ። እኔ ሁለተኛውን ማዳመጫ ያዝኩ።

«መልእክት ለሐኪም ቤት፣ አስቸኳይ» አለ ይመር። «ከማይጨው ወጣ ብለው ባሉት መንደሮች ተስቦ ገብቷል። ለየመንደሩ አንድ አንድ የሕክምና ቡድን ይላክ፤ መንገድ መሪ እዚህ ይጠብቃል። የሕመምተኛው ቁጥር በየመንደሩ…»

«ቁጥሩን ቶሎ በል፣ አትደጋግም» አሉ ተቆጣጣሪው።

ይመር ድምፁን አላወቀውም፤ አለቃ መሆኑን ግን አወቀ። ደነገጠ። «አርባ፣ ሁለት፣ መቶ ስድስት» አለ በአንድ ትንፋሽ።

ተቆጣጣሪው ጽፈው አነበቡ፤ «አርባ ሁለት፣ መቶ ስድስት።»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

ወረቀቱ ላይ 42፣ 106 ተብሎ ተጽፏል። ሁለት መንደር። ተቆጣጣሪው ሰዓታቸውን አይተው ፈገግ አሉ። የሰጣቸውን ያንኑ ቃል ነው የመለሱለት። ሳልሕ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ታየኝ። ያን ቀን ያልተናገርኩትን ዛሬም ሳልናገር ብቀር ራሴን ከቶ ይቅር እንደማልለው አወቅሁ።

«ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይፍቀዱልኝ» አልኩና ፈቃዳቸውን ሳልጠብቅ መናገሪያውን ሳብኩት። «ይመር፣ በአሃዝ ልመልስልህ። አራት ሁለት፣ በቃ። አንድ ባዶ ስድስት፣ በቃ።»

«ኧረ አይደለም!» ይመር ጮኸ። «አይደለም፣ ዘነቡ! አራት ባዶ፣ በቃ። ሁለት ብቻ፣ በቃ። አንድ ባዶ ስድስት፣ በቃ። ሦስት መንደር እኮ ነው!»

«በቃል ልመልስ። አርባ። ሁለት። አንድ መቶ ስድስት። ሦስት መንደር።»

«አሁን ልክ ነሽ። እግዜር ይስጥሽ።»

ድምሩ በሁለቱም መንገድ አንድ ነው፤ መቶ አርባ ስምንት። ማንም ሒሳብ ሠርቶ ስሕተቱን ሊያገኘው አይችልም ነበር። የሁለቱ ሰዎች መንደር አርባው ውስጥ ገብታ ልትቀር ነበር። ተቆጣጣሪው የጻፉትን ቅጽ ሦስቱንም ግልባጭ ቀደዱ። አዲስ ቅጽ አወጡና በእጃቸው 40፣ 2፣ 106 ብለው ጻፉ፤ ከየቁጥሩ ጎንም በቃል ጻፉበት። ከዚያ ሰዓታቸውን ተመለከቱ።

«ሃያ ሰከንድ» አሉ ለራሳቸው። «ሃያ ሰከንድ ነው የፈጀው።» ወደ አቶ መኩሪያ ዞረው፣ «ወረቀቱ ባለበት ይቆይ» አሏቸው።

ሲሄዱ ግልባጭ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። እኔም በጥሩ ጽሑፍ ገልብጬ ሰጠኋቸው፤ ከግርጌው የኣቦይ ሓጎስን፣ የይመርንና የራሴን ስም ጻፍኩ። ዝናቡ ሳይጀምር በመስመሩ ላይ ላለው ስልክ ቤት ሁሉ ያ ገጽ በማኅተም ተላከ። ኣቦይ ሓጎስ ቁሓ ሲደርሳቸው ደውለው ከላይ እስከ ታች አነበቡልኝ። «ጽቡቕ» አሉ፣ ጥሩ ማለታቸው ነው፤ «ጽቡቕ ነው፣ ጓለይ። ሺህን በፊደል መጻፍሽን ግን አሁንም ለመምህሬ አልነግራቸውም።» በዓመቱ አዲስ ኦፕሬተሮችን የማስተምረው እኔ ሆንኩ፤ አቶ መኩሪያ ሲዛወሩም ወንበራቸው ላይ ያስቀመጡት እኔን ነው። ሴት የስልክ ቤት አለቃ ለማየት ብቻ በመስኮት የሚያጮልቅ ሰው ነበር።

ተስቦው ያን ጊዜ ብዙ ሰው ጎድቷል፤ ሁሉም አልዳነም። አርባና መቶ ስድስት ያሉባቸው መንደሮች ከባድ ሐዘን አሳልፈዋል። የሁለቱ መንደር ግን ገና በመጀመሩ የሕክምናው ቡድን ልብሱን ሁሉ ቀቀለ፣ የቅማል መግደያ ዱቄት ነፋ፣ ሁለቱን ሕመምተኞች ለይቶ አከመ። ከዚያ በኋላ በዚያች መንደር ሌላ ሰው እንዳልታመመ ሐኪሙ ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ።

መስከረም ከጠባ በኋላ፣ አንድ የሰኞ ገበያ ቀን፣ ሰልፉን አልፎ አንድ ሽማግሌ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ከኋላው አንዲት ሴትና አንድ ጎልማሳ ቆመዋል። ሽማግሌው በትግርኛ፣ «ቁጥር የምታውቀው ሴት የትኛዋ ናት?» ብሎ ጠየቀ። ሰዎቹ ወደ እኔ ጠቆሙት።

«ሐኪሙ ነገሩን» አለ። «እኛ መጀመሪያ ሰው መላክ አፍረን ነበር። ሌላው ቦታ መቶ ሰው ተኝቶ፣ ሁለት ሰው ብለን እንዴት እንጣራለን አልን። ሁለት ማን ይቆጥራል አልን።»

«ተቆጠራችሁ፣ ኣቦይ» አልኩት።

ወደ ጎን ፈቀቅ አለና ከኋላው የቆሙትን ወደፊት አመጣቸው። ሴትዮዋ ፀጉሯ በሕመሙ ረግፎ ገና እየበቀለ ነው፤ በነጠላዋ ሸፈነችው። ጎልማሳው ወንድሟ ከስቷል፤ በእግሩ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«እነዚህ ናቸው» አለ ሽማግሌው።

ደወሉ ይጮኻል፣ ሰልፉ ይጮኻል። እኔ ተነሥቼ በሁለት እጄ የሴትዮዋን እጅ ያዝኩ፤ ከዚያ የወንድሟን።